አክስቴ፣ አጋዘኑና ፊሽካው

አክስቴ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ሆና ትሠራለች። ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ወደ ቤቷ ስትነዳ አጋዘን ገጨች።

ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ እናቴ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ይቺ ልጅ አሜሪካ ድረስ ሄዳ አውሬ ትግጭ?» እኛ ቤት አውሬ የሚባለው ነገር ያለው ገጠር ነው፤ አሜሪካ ማለት ደግሞ ፎቅ ነው። ሳቁ የቆመው አክስቴ ቀሪውን ስትነግረን ነው። አጋዘኑ ከጫካው ወጥቶ መንገዱ መሀል ቆመ። እሷ ደንግጣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘችው። መኪናዋ የአጋዘኑን ጎን መትታ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና የሚሄድበትን መስመር አቋርጣ ቦይ ውስጥ ገባች። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ታሪኩ የሚሳቅበት ሆኖ የቀረው በዚህች አንዲት «አልነበረም» ምክንያት ብቻ ነው።

ፓራውልቱ ተሰብሯል፣ አንዱ መብራት ወልቋል፣ ኮፈኑ ታጥፏል። እሷ ደህና ናት። አጋዘኑ ተነሥቶ እየተንገዳገደ ጫካው ውስጥ ገባ፤ ይዳን ይሙት አላወቀችም።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች። አብራት የምትሠራ ሴት አንድ ነገር መክራታለች። ፓራውልት ላይ የምትለጠፍ፣ መኪናው ሲሮጥ ነፋስ እየገባባት የምታፏጭ ትንሽ የፕላስቲክ ፊሽካ አለች። ፉጨቷን ሰው አይሰማውም፤ አጋዘን ግን ሰምቶ ይሸሻል ይባላል። ዋጋዋም ርካሽ ነው። «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለም እንዴ? እስቲ አጣሪልኝ፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ከተመረቅሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ግልጽ የሥራ ትእዛዝ ከየትኛውም አለቃ ደርሶኝ አያውቅም። ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ አንዲት ፊሽካ ብዬ የጀመርኩት ነገር ወደ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አለበለዚያ እኔም እናንተም እንጠፋለን።)

የማን አጋዘን?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ «አጋዘን» የምንለውና አክስቴ የገጨችው የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። የእኛው፣ የደጋውም የቆላውም፣ ያበቀለውን ቀንድ እስኪሞት ይዞት ይኖራል። የእነርሱ ወንዱ ግን በየዓመቱ ቀንዱን ይጥልና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ አዲስ ቀንድ ያበቅላል። ይህኛው ዘር ከሰሃራ በታች በተፈጥሮው የለም፤ በአፍሪካ ምድር የራሱ አገር ያለው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ጫካ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እዚያ ያለው ሐበሻም «አጋዘን» ስለሚለው እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

«ለላሟ ነው የሚከፋባት»

ተሽከርካሪን ከእንስሳ የማዳን ታሪክ የሚጀምረው ከመኪና በፊት፣ ከባቡር ነው። በ1825 ጆርጅ ስቲቨንሰን የሊቨርፑልና የማንቸስተርን የባቡር መስመር ለማስፈቀድ የእንግሊዝ ፓርላማ ፊት ቀርቦ ሳለ «ላም ሐዲዱ ላይ ብትገባስ? አደጋ አይሆንም?» ተብሎ ተጠየቀ ይባላል። መልሱ «ይሆናል፤ ግን ለላሟ ነው የሚከፋባት» ዓይነት ነበር። ፓርላማው ሳቀ። መስመሩ በመስከረም 1830 ሲመረቅ ግን ባቡር የገጨው ላም አልነበረም። ዊልያም ሃስኪሰን የተባለ የፓርላማ አባል በምረቃው በዓል ላይ «ሮኬት» በተባለችው ባቡር ተገጭቶ ሞተ።

ዛሬ የኮምፒውተር አባት የሚባለው ቻርልስ ባቤጅ በዚያው ሰሞን አንድ ሐሳብ አመጣ። ባቡሩ ፊት ላይ ሐዲዱን እየጠረገ የሚሄድ ነገር ይገጠም አለ። ነገሩ አገር ያገኘው አሜሪካ ነው። በ1830ዎቹ አይዛክ ድሪፕስ የሚባል መካኒክ በኒው ጀርሲ መስመር ላይ ትሠራ ለነበረችው «ጆን ቡል» ለተባለች ባቡር ከፊቷ መንኮራኩርና ብረት ቀጠለላት። በድሮ የካውቦይ ፊልሞች ላይ ባቡሩ አፍንጫ ሥር የምናየው ማረሻ መሰል ብረት ከዚያ የመጣ ነው። አሜሪካኖች «ላም ያዥ» ብለው ሰየሙት፤ ላም መያዙን እንጃ፣ መወርወሩን ግን ይወረውራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። እንግሊዞች ለዚሁ ችግር ሌላ መልስ ነበራቸው፤ ሐዲዱን በአጥር ከለሉት። በ1842 የወጣው የባቡር ሕጋቸው አጥሩን የኩባንያዎቹ ግዴታ አደረገው። አገሩ ሰፊ፣ ገንዘቡ ጠባብ የሆነበት አሜሪካ ደግሞ መንገዱን ትቶ ባቡሩ ፊት ብረት አሰረ። ሁለት መልሶች ናቸው፤ አንዱ መንገዱን ያስተካክላል፣ ሌላው ተሽከርካሪው ፊት ላይ አንድ ነገር ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ፣ የአክስቴን ፊሽካ ጨምሮ፣ የእነዚህ የሁለቱ ጭቅጭቅ ነው።

ሳይተዋወቁ የኖሩት ሁለቱ

በ1900 አንድ አሜሪካዊ «ዛሬ በመኪናዬ አጋዘን ልግጭ» ብሎ ቢነሣ ሁለት ችግር ይገጥመው ነበር። አንደኛ መኪና የለውም፤ በመላ አገሪቱ የነበሩት መኪኖች 8,000 ገደማ ናቸው። ሁለተኛ አጋዘን የለም።

አዎን፣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነጮቹ ሳይመጡ በፊት በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ባለነጭ ጭራ አጋዘን፣ ለሥጋውና ለቆዳው ገበያ ሲታደን፣ ጫካውም ለእርሻ ሲመነጠር፣ በ1900 አካባቢ ከግማሽ ሚሊዮን የማይበልጥ ቀርቶ ነበር። በብዙ ግዛቶች ጭራሹን ጠፍቷል። የቨርጂኒያ ገበሬ ልጅ አጋዘን ሳያይ አድጎ ሊያረጅ ይችል ነበር።

ከዚያ መንግሥት ነቃ። በዚያው በ1900 በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳን ከግዛት ወደ ግዛት መነገድ የሚከለክለው የሌሲ ሕግ ወጣ። ግዛቶቹ አደን በወቅት ገደቡ። አጋዘን ከተረፈበት ቦታ እየተያዘ ወደ ጠፋበት ቦታ እየተጫነ ተለቀቀ፤ ከሌላ ግዛት እያስመጡ ጫካቸው ውስጥ ከለቀቁት አንዷ ቨርጂኒያ ናት። በ1937 ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ማገገሚያ እንዲውል የፒትማንና የሮበርትሰን ሕግ ጸደቀ። አዳኙ ለአጋዘኑ መመለስ ከፈለ ማለት ነው። አጋዘን የሚበላው ተኩላ ቀድሞ ከአብዛኛው አገር ተጠርጎ ነበር። ገበሬው ወደ ከተማ ሲሄድ የተወው መሬት መልሶ ጫካ ሆነ።

አጋዘኑ ሲመለስ ግን መንገዱ ጠበቀው። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 41,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 66,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን ፈጣን መንገድ የሚያሠራውን ሕግ ፈረሙ። ከመንገዱ ጋር ከከተማ ወጣ ያሉ ሰፈሮች መጡ፤ ግቢ ያለው ቤት፣ ሣር፣ አበባ፣ ከጓሮው ቁራጭ ጫካ። አጋዘን ጥልቅ ጫካ አይወድም፤ የሚወደው የጫካ ዳር ነው። ለስላሳ ቡቃያ እዚያ አለ፣ ተኩላ የለም፣ አዳኝ ሰው ቤት አጠገብ አይተኩስም። እኛ «የተረጋጋ ሰፈር» የምንለውን አጋዘን ገነት ይለዋል። ዛሬ የአሜሪካ ባለነጭ ጭራ አጋዘን በግምት 30 ሚሊዮን ደርሷል።

ስለዚህ «አጋዘኑ መንገዱ ላይ ገባብኝ» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። አጋዘኑን የመለሰው ሰው ነው፤ መንገዱንም በጫካው መሀል ያሳለፈው ሰው ነው። የተገናኙት እኛ አገናኝተናቸው ነው።

የግንኙነቱ ዋጋ ቀላል አይደለም። በ2008 ለአሜሪካ ኮንግረስ የቀረበ የፌዴራል ሪፖርት መኪና ከትልልቅ እንስሳት ጋር የሚጋጨው በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ እንደሆነ ገምቷል። በነዚህ ግጭቶች በዓመት 200 ገደማ ሰው ይሞታል። የአክስቴ ጎረቤት የሆነችው ዌስት ቨርጂኒያ ከሁሉም የባሰባት ናት፤ በኢንሹራንሶች ስሌት እዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ40 አሽከርካሪዎች አንዱ ያህል እንስሳ ይገጫል።

ለምን በኅዳር? ወቅቱ የመራቢያቸው ነው። ወንዱ ሴቷን ሲያሳድድ እንኳን መኪና ራሱንም አያይም። ሰዓታቸውም ንጋትና ምሽት ነው፤ ልክ ሰው ሥራ የሚገባበትና የሚወጣበት። በዚያ ላይ አሜሪካኖች በዚሁ ወር ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ሰው በድንገት በጨለማ መንዳት ይጀምራል፤ አጋዘኑ ሰዓቱን አላስተካከለም። በ2022 የወጣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዓቱ በተቀየረበት ሳምንት የአጋዘን ግጭት በ16 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ፊሽካና ቀይ መስታወት

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ። ፊሽካዋ በአሜሪካ ገበያ የታየችው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ በሁለት ደቂቃ ይለጠፋል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። አጋዘኑ ነገሩን አልሰማም።

በ1992 የታተመ አንድ የዩታ ጥናት ፊሽካ በተለጠፈባትና ባልተለጠፈባት መኪና ፊት አጋዘኖች የሚያደርጉትን አነጻጸረ። ልዩነት አልተገኘም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ከመኪና ላይ የተለያየ ቅጥነት ያላቸው ድምፆችን እያሰሙ ፈተኑ፤ በ2009 ያወጡት ውጤት አንዱም ድምፅ አጋዘንን ከመንገድ እንደማያርቅ ነው። የአጋዘን ጆሮ ከሰው ጆሮ ያን ያህል የተለየ ተአምር አይደለም፤ ቀጭን ድምፅ ከእኛ በተሻለ ይሰማል እንጂ። ትንሿን ፉጨት ደግሞ የሞተሩ፣ የጎማውና የነፋሱ ጩኸት ይውጣታል። ብትሰማስ? ትርጉሙን የነገረው የለም። «ይህ ፉጨት ሲሰማ ወደ ጫካ ሩጥ» ብሎ ያስተማረው እናት የለውም። የደነገጠ አጋዘን ወደ ጫካው ሊሮጥ ይችላል፤ ወደ መኪናውም ሊሮጥ ይችላል።

ከፊሽካዋ ቀድሞ ደግሞ ቀይ መስታወት ነበረ። የክሪስታል ጌጥ የሚሠራው የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ «ስዋሬፍሌክስ» የሚባል ቀይ ብርሃን አንጸባራቂ ሠርቶ ነበር። በመንገዱ ዳር ግንድ ላይ ይተከላል፤ የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ወደ ጫካው ቀይ ብርሃን ይልካል፤ አጋዘኑ የአውሬ ዓይን መስሎት ይቆማል። ብልኀት ነው! ብቻ አጋዘን ቀይ ቀለም እንደ እኛ አያይም። ዓይኑ ሰማያዊና አረንጓዴን ይለያል፤ ቀዩ ለእርሱ ጨለማ ቢጤ ነው። በ2006 የጆርጂያ ተመራማሪዎች ቀዩንም ሌሎቹንም ቀለማት ሞክረው ጥቅም አላገኙባቸውም።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? መልሱን ያገኘሁት ከዌስት ቨርጂኒያ ቁጥር ነው። ከሁሉም በባሰችው ግዛት እንኳ በዓመት ከ40 ሰዎች 39ኙ እንስሳ አይገጩም። አርባዎቹም ፊሽካ ቢለጥፉ በዓመቱ መጨረሻ 39ኙ «ኧረ ፍቱን ነው! ከለጠፍኩት ወዲህ አንድም አልገጨሁም» ይላሉ። ውሸታሞች አይደሉም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። የእኛ ሰው ስፖኪዮው ላይ ክታብ ሲያንጠለጥል የሚስቅ ፈረንጅ ካለ ፓራውልቱን ጎንበስ ብሎ እንዲያይ ይነገርልኝ።

ሙስ ያስተማረው

ስዊድን ውስጥ ነገሩ ቀልድ አይፈቅድም። እዚያ ሙስ የሚባለው የአጋዘን ዘር አለ፤ ትልቁ ወንድ 500 ኪሎ ይደርሳል። እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪናው የሚመታው እግሩን ነው፤ ያ ሁሉ ሰውነት በኮፈኑ ላይ አልፎ መስታወቱን ሰብሮ ሹፌሩ ላይ ይመጣል። ቮልቮና ሳብ የፊት መስታወቱን የሚይዘውን ምሰሶና ጣሪያውን በማጠንከር የተጨነቁት ለዚህ ነው። በ2001 ማግኑስ ጌንስ የተባለ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ከላስቲክ ዝርግ ደራርቦ መኪና የሚላተምበት ሰው ሠራሽ ሙስ ሠራ። በ2022 ሥራው መጀመሪያ ለሚያስቁ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘ።

ትልቁ ታሪክ ግን በጥቅምት 1997 የሆነው ነው። ስዊድኖች መኪና ሲፈትኑ ድንገት መንገድ ላይ የወጣን ነገር ለመሸሽ መሪውን ወደ አንዱ ጎን፣ ወዲያው ወደ ሌላው የመጠምዘዝ ልማድ አላቸው። ሕዝቡ «የሙስ ፈተና» ይለዋል። የ«ቴክኒከንስ ቨርልድ» መጽሔት ጋዜጠኛ ሮበርት ኮሊን ገና ገበያ የወጣችውን ትንሿን መርሴዲስ ኤ ክላስ ይዞ ይህንኑ አደረገ። መኪናዋ ተገለበጠች። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ፎቶውን አወጣው። የምሥራቅ ጀርመን መቀለጃ የነበረችው ትራባንት ያንኑ ፈተና አለፈች ተብሎ ሲጻፍማ ቀልዱ ጣራ ነካ።

ኩባንያው መጀመሪያ ነገሩን ሊያቃልለው ሞከረ፤ በኋላ ግን ሽያጩን ለሳምንታት አቁሞ መኪናዋን አስተካከለ። በተለይ ኢኤስፒ የሚባለውን ሥርዓት በሁሉም ኤ ክላስ ላይ አስገባ። ኢኤስፒ መኪናው መሪው ካለው አቅጣጫ ወጥቶ መንሸራተት ሲጀምር ያውቃል፤ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ ይመልሰዋል። ከ1995 ጀምሮ የቅንጡ መኪኖች ዕቃ ነበር። ከዚያ ቅሌት በኋላ ግን ርካሽ መኪና ላይም መግባት እንደሚችል ታየ። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ከ2014 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አደረጉት። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች መኪናው ብቻውን በሚገባበት አደጋ የመሞትን ዕድል በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ቁልፍ ስትከፍቱ ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋ፣ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባት ብጫ መብራት አይታችኋል? እሷ ናት። ከስዊድን ሙስ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ የተላከች ስጦታ በሏት። ከመኪና ጋር ከሚያያዙት ነገሮች ሁሉ በእውነት የሠራችው ይህቺ ነች፤ እሷም አጋዘኑን አታባርርም፤ የደነገጠውን ሰው ነው የምትይዘው።

ብረቱስ?

«ብረት ላስርስ?» የሚል ይኖራል። አውስትራሊያኖች ካንጋሮ ለሚዘልበት ሩቅ ገጠር ከፓራውልቱ ፊት የብረት አጥር ያስራሉ፤ የላም ያዡ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ሰው በሌለበት በረሃ ትርጉም ይሰጣል። ከተማ ውስጥ ግን ብረቱ የሚያገኘው ሰውን ነው። ዘመናዊ ፓራውልትና ኮፈን እንዲሰበር፣ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራው የምቱን ኃይል እንዲውጥ ነው፤ ብረቱ አይታጠፍም፤ የሚታጠፈው የተመታው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣው መመሪያ የእግረኛ ደኅንነት ፈተና የማያልፈውን የብረት አጥር ከ2007 ጀምሮ ከአዲስ መኪኖች ላይ አገደ። ሕንድ በ2017 ጨርሳ ከለከለች።

አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቦሌ መንገድ ላይ ቡል ባር አስሮ የሚነዳ ሰው ከየትኛው አውሬ እየተጠበቀ እንደሆነ እሱ ራሱ ይንገረን። የብረቱ ቁመት ግን ልክ የሰባት ዓመት ልጅ ደረት ላይ ነው።

ድልድዩ

ከዚህ ሁሉ ሙከራ በኋላ አሸናፊው የድሮው የእንግሊዞች መልስ ነው፤ አጥር። አንድ ነገር ተጨምሮበት ግን።

በካናዳ የባንፍ ብሔራዊ ፓርክን ትልቁ የትራንስ ካናዳ መንገድ ሰንጥቆት ያልፋል። መንገዱ ሲሰፋ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግራና ቀኙን በረጅም ሽቦ አጥር ማጠር ጀመሩ። አጥር ብቻውን ግን ጫካውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ መንጋ ከሌላው ይለያያል። ስለዚህ ለእንስሳቱ ከመንገዱ በታች መሿለኪያ፣ በ1996 ደግሞ ከመንገዱ በላይ አፈር፣ ሣርና ዛፍ የለበሰ ድልድይ ሠሩላቸው። ዛሬ 6 ድልድዮችና 38 መሿለኪያዎች አሉ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። የግብር ከፋይ ገንዘብ ለድብ ድልድይ? እንስሳቱም ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ትልልቆቹ ቡናማ ድቦች ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። አጋዘኖቹ ግን ቶሎ ገባቸው። ውጤቱ፣ አጥሩ ባለበት ቦታ በአጠቃላይ የእንስሳት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ አጋዘንንና ትልቁን ዘመዱን ብቻ ከወሰድን ከ96 በመቶ በላይ። ፊሽካዋ በዜሮ ላይ እያለች ማለት ነው።

ኔዘርላንዶች በ2006 ሂልቨርሰም አጠገብ 800 ሜትር የሚረዝም የእንስሳት ድልድይ አስመረቁ። አሜሪካም በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለእንስሳት መሻገሪያ 350 ሚሊዮን ዶላር መደበች። ብዙ ይመስላል። ግን የአንድ አጋዘን ግጭት አማካይ ወጪ ከጥገና እስከ ሕክምና ተደምሮ ከ6,600 ዶላር በላይ እንደሆነ በ2009 ተሰልቷል። በዓመት በሚሊዮን አባዙት፤ ድልድዩ ርካሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የእኛው ደግሞ

ይህን ሳነብ የድሮዋ አሥር ሳንቲም ትዝ አለችኝ። ከኋላዋ ያለው እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ ዲንሾ አካባቢ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ እነዚሁ አጋዘኖች በሚግጡበት በጋይሳይ ሜዳ በኩል ያልፋል። የአዋሽ ፓርክንም ወደ ጅቡቲና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና ይሰነጥቀዋል። ባሌ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ፎቶ ተቀባብለናል። በዚያ መንገድ ስናልፍ ግን ስንቶቻችን ፍጥነት ቀንሰን እናውቃለን? አሜሪካኖች አጋዘናቸው ቢሞት 30 ሚሊዮን አላቸው። የእኛ በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ከሌላ ግዛት ጭነን የምናመጣው የለም።

ለአክስቴ የሰጠሁት መልስ

እሑድ ደወልኩላት።

«አይሠራም» አልኳት።

«ውይ! ለጥፌዋለሁ እኮ።»

«ይለጠፍ፤ አይጎዳም። ግን እሱን አምነሽ እንዳትነጂ።» ከዚያ የሚሠራውን ነገርኳት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ትሄጃለሽ። ዓይንሽ አይቶ እግርሽ ፍሬን እስኪረግጥ ብቻ ከ30 ሜትር በላይ ያልፋል፤ እስክትቆሚ ከ80 ሜትር በላይ ነው። አጭር መብራትሽ የሚያሳይሽ 50 እና 60 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አጋዘን ባለበት መንገድ ቀስ በይ፤ ከፊትሽ መኪና ከሌለ ረጅሙን መብራት አብሪ። አንድ ካለፈ ሁለተኛውን ጠብቂ፤ ብቻቸውን አይሄዱም። ቀበቶሽን እሰሪ፤ በ2000ዎቹ በተደረገ አንድ ጥናት በእንዲህ ያለ ግጭት መኪና ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ ቀበቶ አላሰሩም ነበር።

«ከገባብሽም» አልኳት፣ «መሪውን አትጠምዝዢ። ፍሬኑን ጠንክረሽ ያዢና መስመርሽን ጠብቂ።»

ዝም አለች። «ልግጨው ማለትሽ ነው?»

«አዎ።»

«ነፍስ ያለው ነገር ፊቴ ቆሞ እያየኝ?»

መልስ አጠረኝ። ጥናቱ ሁሉ ልክ ነው፤ በእንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ሰው የሚጎዳው አጋዘኑን ሲሸሽ ከዛፍ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ተላትሞ ነው። ግን እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ፣ እጅ መሪውን እንዳይጠመዝዝ ማዘዝ ከጥናት በላይ ነው። ለዚህ ነው መልሱ መንገዱ ላይ መገኘት ያለበት፤ አክስቴ በንጋት ደክሟት ያንን ምርጫ ከመምረጧ በፊት።

የሰፈሯ መንገድ አጥርም ድልድይም የለውም። ስለዚህ የራሷን መላ አበጀች። ተረኝነቷ ሲያልቅ ወዲያው አትወጣም፤ ከዚያች ባልደረባዋ ጋር ሻይ ጠጥታ፣ ሰማዩ ሲቀላ ትነሣለች። በብርሃን ትነዳለች። ሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ከሰረች፤ ይሁን አለች።

«ፊሽካውንስ ነቀልሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን በወጣኝ» አለችኝ። «ከፍዬበታለሁ።»